የማንወደውን ሰው ድምፅ ማን ይጠብቅለታል?

ጥር 2015 ዓ.ም. ላይ አንድ ነውር ሠርቻለሁ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ያ ነውር እስከ ዛሬ ስለሚከነክነኝ ነው።

እዚህ ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል የምንኖር የአገር ልጆች ያቋቋምነው አነስ ያለ እድር አለን። ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ጴንጤውም አለበት። አማራውም፣ ኦሮሞውም፣ ጉራጌውም አለበት። ሥራው የታወቀ ነው፤ ሰው ሲሞት አስከሬኑን ወደ አገር ቤት መሸኘት፣ ለቅሶ መቀመጥ፣ የታመመ መጠየቅ። የእድሩን የቴሌግራም ግሩፕ የማስተዳድረው እኔ ነኝ። «አድሚን» የሚባለው ማለት ነው።

በዚያ ጥር ወር አገር ቤት ምን እንደነበረ አትረሱትም። ጥር 14 ቀን ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ወሊሶ አካባቢ በሚገኘው በሐሮ በዓለ ወልድ ቤተ ክርስቲያን፣ ያለ ቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ 26 ኤጲስ ቆጶሳትን ሾሙ። ሲኖዶሱ ሹመቱን ሻረ፤ ሿሚዎቹንም አወገዘ። ምእመናን ጥቁር ለበሱ። ሻሸመኔ ላይ የሰው ሕይወት ጠፋ። የካቲት 8 ቀን ስምምነት ተደረገ እስኪባል ድረስ እኛም እዚህ በረዶ ውስጥ ተቀምጠን በየስልካችን ስንነድ ከረምን።

በእነዚያ ቀናት አንድ በዕድሜ የገፉ አባት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ በግሩፑ ላይ ረዘም ያለ መልእክት ጻፉ። «የሹመቱን ነገር አባቶች ይዩት፤ ግን ሕዝቡ በቋንቋዬ ልማር፣ በቋንቋዬ ልቀደስ ማለቱ ኃጢአት አይደለም። በጊዜው ሰሚ ቢያገኝ ኖሮ እዚህ ባልደረስን ነበር» አሉ። ስድብ የለበትም። ዛቻ የለበትም። ማንንም በዘሩ አላነሱም። እኔ ግን ደሜ ፈላ። «በዚህ ሰዓት እንዲህ የሚል ሰው ከእነሱ ጋር ነው» አልኩና ከግሩፑ አስወጣኋቸው። አንድ ጣት ነው የፈጀብኝ።

እኚህ ሰው እኮ የመጀመሪያው ክረምቴ ላይ መኪናዬ በረዶ ውስጥ ስትቀረቀር ከሌሊት ሥራቸው መልስ መጥተው ያወጡልኝ ናቸው። እናቴ ያረፈች ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ቤቴ ተቀምጠው ለቅሶተኛ ያስተናገዱልኝ ናቸው። ምን ልበላችሁ፣ ያን ጊዜ ይህ ሁሉ ትዝ አላለኝም። ይባስ ብሎ ሰባት ሰው በውስጥ መስመር «ጎበዝ!» ብሎ ላከልኝ። «ለምን አስወጣሃቸው?» ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም።

የጠየቀችኝ ልጄ ናት። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበረች። እራት ላይ ነገሩን በኩራት ሳወራ ሰማችና «አባዬ፣ ባለፈው ሳምንት በሃምሊን የተናደድከው ለዚሁ አልነበረም እንዴ?» አለችኝ። ጉሮሮዬ ላይ እንጀራው ቆመ።

የሃምሊንን ነገር ከዚህ ከተማ ውጭ ለምትኖሩ ላስታውሳችሁ። ሃምሊን ዩኒቨርሲቲ ሴንት ፖል ውስጥ ያለ፣ በ1854 የተመሠረተ የሚኒሶታ የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ ነው (ከዚህ በኋላ የፈረንጅ ጉዳይ ሳነሳ ዓመቱም የፈረንጅ ነው)። በጥቅምት 2022 ኤሪካ ሎፔዝ ፕሬተር የተባሉ በኮንትራት የሚያስተምሩ መምህርት በሥነ ጥበብ ታሪክ ክፍላቸው አንድ የ14ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕል አሳዩ። ሥዕሉ ራሺድ አል ዲን ከተባለው የፋርስ ሊቅ የታሪክ መጽሐፍ የተወሰደ ሲሆን፣ ነቢዩ መሐመድ ከመልአኩ ጂብሪል መገለጥ ሲቀበሉ ያሳያል። የሳለው ጠላት አይደለም፤ በሙስሊም ቤተ መንግሥት የተዘጋጀ መጽሐፍ ነው። መምህርቷ ሥዕሉ እንደሚታይ በትምህርቱ ዝርዝር ላይ አስቀድመው ጽፈዋል። በክፍሉም ውስጥ ማየት የማይፈልግ እንዳያይ አስጠንቅቀዋል።

አንዲት ሙስሊም ተማሪ ግን ከልቧ አዘነች፤ አቤቱታም አቀረበች። አዘነች ማለቴ ለወጉ አይደለም። ነቢዩን በሥዕል ማየት ለብዙ ሙስሊም የተከለከለ ነው። ብትናገር መብቷ ነው። ስህተቱ የዩኒቨርሲቲው ነበር። ሁለቱን ወገኖች አቀማምጦ እንደማነጋገር፣ ድርጊቱን በይፋ ሙስሊም ጠልነት ብሎ ፈረጀው። መምህርቷም በቀጣዩ የትምህርት ወቅት አላስተማሩም።

ከዚያ የሆነው ነገር ነው የሚደንቀው። ለመምህርቷ ከቆሙት መካከል ሙስሊም ምሁራንና የሙስሊም ድርጅቶች ነበሩ። የሙስሊም የሕዝብ ጉዳዮች ምክር ቤት የተባለው አገር አቀፍ ድርጅት በይፋ ደገፋቸው። «የእስልምና ታሪክ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም፤ ይህን ሥዕል የሣሉትም ሙስሊሞች ናቸው» የሚል ነበር ክርክሩ። በጥር 2023 ዩኒቨርሲቲው ቃሉን መልሶ ዋጠ። ጥር 24 ቀን መምህራኑ 71 ለ12 በሆነ ድምፅ ፕሬዚዳንቷ ፋይኒስ ሚለር ሥልጣን እንዲለቁ ጠየቁ። እሳቸውም ከወራት በኋላ ጡረታ እንደሚወጡ አስታወቁ።

ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ የሆነው እኔ ጋሼን ከግሩፕ ባስወጣሁበት በዚያው ወር ነው። እራት ላይ «ሰው በሐሳቡ ከሥራው ይባረራል?» እያልኩ በፈረንጁ ዩኒቨርሲቲ ስፈርድ ከርሜ፣ የራሴን ዩኒቨርሲቲ ግን በኪሴ ይዤ ነበር የምዞረው።

ልጄ በዚያው ሰሞን ለታሪክ ትምህርቷ የምትሠራው ጽሑፍ ነበራት። ርዕሱ ይህችው ከተማችን ናት። ሚኒያፖሊስን ብዙዎቻችን የምናውቃት በብርዷና በጆርጅ ፍሎይድ ነው። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ጋዜጣ ሳይታገድ እንዲታተም ያስቻለው ፍርድ የተወለደው እዚህ መሆኑን ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከእሷ ነው የሰማሁት።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በ1927 ጄይ ኒርና ሃዋርድ ጊልፎርድ የተባሉ ሁለት ሰዎች «ሳተርደይ ፕሬስ» የሚባል ሳምንታዊ ጋዜጣ ጀመሩ። ኒር መልካም ሰው አልነበረም። አይሁዶችን ይጠላል፣ ካቶሊኮችን ይጠላል፣ ጥቁሮችን ይጠላል፤ ጥላቻውንም አይደብቅም። በዚያ ሁሉ ስድብ መሀል ግን የከተማዋ ፖሊስ አዛዥ ከወንበዴዎች ጋር እንደተመሳጠረ ይጽፍ ነበር። የከተማዋም ሙስና እውነት ነበር። የመጀመሪያው እትም እንደወጣ ጊልፎርድ በጥይት ተመታ፤ ተረፈ። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ ኋላ የሚኒሶታ ገዥ የሆነው ዐቃቤ ሕግ ፍሎይድ ኦልሰን በ1925 የወጣ አንድ ሕግ ጠቅሶ ጋዜጣውን አዘጋው። ሕጉ «ሕዝብን የሚያውክ» የተባለን ጋዜጣ ዳኛ እስከ ወዲያኛው እንዲዘጋ ይፈቅዳል።

ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ሰኔ 1 ቀን 1931 ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ለኒር ፈረደ። መንግሥት ጋዜጣን አስቀድሞ ማፈን አይችልም፤ ስሙ የጠፋ ሰው ካለ ከታተመ በኋላ ይክሰስ፣ አለ። ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ1971፣ ኒው ዮርክ ታይምስ ስለ ቬትናም ጦርነት የመንግሥትን ምስጢራዊ ሰነድ ሲያትም የተከላከለው በዚሁ ፍርድ ነው።

አሁን ቁም ነገሩ። ለኒር ድምፅ ከሰጡት አምስት ዳኞች አንዱ ሉዊስ ብራንዳይስ ነበሩ። ብራንዳይስ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የተቀመጡ የመጀመሪያው አይሁዳዊ ናቸው። የኒር ጋዜጣ ስድብ የእሳቸውንም ወገን የሚነካ ነው። ሆኖም ለዚያ ሰው የመናገር መብት ፈረዱ። ኒርን ወደውት አይደለም። ዛሬ ኒርን የሚዘጋ ሕግ ነገ እውነት የሚናገረውንም እንደሚዘጋ ስለገባቸው ነው።

ልጄ ይህን ስታነብልኝ ስለ ጋሼ አሰብኩ። እሳቸው ማንንም አልተሳደቡም። እኔ ደግሞ ብራንዳይስ አይደለሁም።

ከወንዙ ማዶ፣ ሴንት ፖል ላይ፣ ከዚህ የሚከብድ ጉዳይ አለ። ሰኔ 1990 ጥቂት ወጣቶች በአንድ ጥቁር ቤተሰብ ግቢ ውስጥ መስቀል አቃጠሉ። መስቀል ማቃጠል በአሜሪካ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ከተማዋ ወጣቱን የከሰሰችው በዘር፣ በሃይማኖት ወይም በፆታ ምክንያት ቁጣ የሚቀሰቅስ ምልክትን በሚከለክል ደንቧ ነበር። በ1992 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዘጠኙም ዳኞች ተስማምተው ደንቡን ሻሩት። እኔ ይህን መጀመሪያ ስሰማ ተናድጄ ነበር። ፍርዱን ቀረብ ብሎ ለሚያየው ግን ፍርድ ቤቱ ድርጊቱን አላጸደቀም። የሰው ግቢ መግባት፣ እሳት መለኮስ፣ ማስፈራራት ቀድሞም ወንጀል ናቸው፤ በእነሱ ክሰሱት ነው ያለው። በ2003 ደግሞ ያው ፍርድ ቤት ለማስፈራራት ተብሎ መስቀል ማቃጠል ሊያስቀጣ እንደሚችል በሌላ ጉዳይ ወሰነ።

እንግዲህ መስመሩ እዚህ ጋ ነው። ሐሳብ፣ መጥፎም ቢሆን፣ በሐሳብ ይመለሳል። ዛቻና ድርጊት በሕግ ይመለሳሉ። ሁለቱን ያምታታ ሰው ወይ አፋኝ ይሆናል፣ ወይ ነፍሰ ገዳይን «ሐሳቡን ነው የገለጸው» ብሎ ይሸኛል።

አሁን ወደ አገር ፍቅር ልለፍ። ጋሼን ሳስወጣ ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት የአገር ፍቅር ነበርና።

ይህች ሚኒሶታ ራሷ በአገር ፍቅር ስም ያበደችበት ዘመን ነበር። አሜሪካ አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ በገባች ጊዜ፣ በሚያዝያ 1917፣ የክፍለ ግዛቷ ምክር ቤት «የሕዝብ ደኅንነት ኮሚሽን» የሚባል አቋቋመ። ኮሚሽኑ ጀርመንኛ ተናጋሪ ዜጎችን ይሰልል፣ ጀርመንኛ ከትምህርት ቤት እንዲወጣ ይገፋፋ፣ ዜግነት የሌለውን ስደተኛ እንዲመዘገብ ያስገድድ ነበር። ጆሴፍ ጊልበርት የተባለ የገበሬዎች ማኅበር ሰው ኬንየን በተባለች ትንሽ ከተማ ጦርነቱን ተቃውሞ በመናገሩ አንድ ዓመት እስራትና 500 ዶላር ተፈረደበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1920 ቅጣቱን አጸና። ፍርዱን ከተቃወሙት ውስጥ እነማን ነበሩ? እኒያው ብራንዳይስ።

መቶ ዓመት ያህል አልፎ፣ በሰኔ 2019፣ ከሚኒያፖሊስ አጠገብ ያለችው የሴንት ሉዊስ ፓርክ ከተማ ምክር ቤት ስብሰባውን ሲጀምር ለሰንደቅ ዓላማ የሚያደርገውን የታማኝነት ቃል አስቀረ። ምክንያቱ ከየአገሩ ለመጣው ነዋሪ እንግድነት እንዳይሰማው የሚል ነው። አገር ተናወጠ። ተቃዋሚዎች ባንዲራ ይዘው አዳራሹን ሞሉት፤ የወቅቱ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ሳይቀሩ በትዊተር ገቡበት። በሐምሌ ምክር ቤቱ ውሳኔውን ሽሮ ቃሉን መለሰ።

እኔ ስደተኛ ነኝ፤ «ለእናንተ ብለን ነው» ከተባሉት ውስጥ ነኝ። እውነቱን ልናገር? ያ ቃል አስቀይሞኝ አያውቅም። የአሜሪካ ዜግነት የተቀበልኩ ቀን እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ብዬዋለሁ። የሚያሳዝነው ግን ብዙ ተቃዋሚ የማያውቀው አንድ ነገር ነው። ቃሉን «አልልም» ያለን ሰው ማስገደድ በዚህ አገር አይቻልም። በ1943 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የይሖዋ ምስክሮች ልጆች ሰንደቅ ዓላማ እንዲሳለሙ ማስገደድ ሕገ ወጥ ነው ብሏል። ልብ በሉ፤ ዓለም በጦርነት ላይ እያለች፣ የአገር ፍቅር በጋለበት ሰዓት ነው እንዲህ ያለው። በፍርሃት የሚሰጥ ሰላምታ ፍቅር አይደለምና።

ይህ ነገር አገር ቤት ያለውን አላስታወሳችሁም? በ2015 ዓ.ም. ኅዳርና ታኅሣሥ አዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ውስጥ የኦሮሚያ ክልል ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀል፣ መዝሙሩም ይዘመር በመባሉ ተማሪዎች ተጋጩ፣ ታሰሩ፣ ተጎዱ። አንዱ ወገን «መብቴ ነው» አለ። ሌላው «ለምን ይጫንብኛል?» አለ። ሁለቱም ስለ ልብ ነበር የሚናገሩት፤ በመካከል ግን ልጆች ነበሩ የሚደበደቡት። ሰንደቅ ዓላማ ለሚወደው ሲሰቀል ያኮራል፤ ለማይወደው በግድ ሲሰቀል ዱላ ይሆናል። ይህ ለአረንጓዴ ቢጫ ቀዩም ይሠራል፣ ኮከብ ላለበትም ይሠራል፣ ለክልሉም ይሠራል።

እዚህም ያው ነን። ሐምሌ 2018 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አህመድ ሚኒያፖሊስ መጥተው ታርጌት ሴንተር አዳራሽ ሲናገሩ «ግንቡን እናፍርስ፣ ድልድዩን እንገንባ» ተብሎ ነበር። ያን ቀን ያልተቃቀፈ የለም። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ፤ የኦሮሞ ወንድሞቻችን እያለቀሱ አደባባይ ወጡ። ቀጥሎ የትግራይ ተወላጆች ስለ ጦርነቱ ወጡ። ቀጥሎ አማራው ወጣ። ሁሉም የሚቆመው ያው ሴንት ፖል፣ ያው የምክር ቤት ሕንጻ ፊት ነው። አንዱ ሲጮህ ሌላው በስልኩ ይሰድበዋል። ሁላችንንም አደባባይ ያቆመን አንድ ሕግ መሆኑን ግን ስንቶቻችን አስበነዋል? ያን ሕግ ካቆዩልን አንዱ ኒር የሚባል ክፉ ሰው ላይ የፈረዱለት አይሁዳዊ ዳኛ ናቸው።

ስለ ሃይማኖት መቻቻል ከተባለ ደግሞ ከዚህች ከተማ የተሻለ ምሳሌ ለማግኘት ሩቅ አልሄድም። በ2020 ረመዳን፣ ኮቪድ ሰውን ቤት በዘጋበት ጊዜ፣ ሲዳር ሪቨርሳይድ ሰፈር ያለው ዳር አል ሂጅራ መስጂድ አዛኑን በቀን አምስት ጊዜ በድምፅ ማጉያ እንዲያሰማ ተፈቀደለት። በ2022 የከተማው ምክር ቤት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት አዛን ማሰማት እንደሚቻል አስታወቀ። የቀረው የንጋቱና የምሽቱ ሶላት ነበር፤ የከተማዋ የድምፅ ደንብ ከእነዚያ ሰዓታት ውጭ አይፈቅድም። በሚያዝያ 2023 ምክር ቤቱ ደንቡን በሙሉ ድምፅ አሻሻለ። ከንቲባ ጄኮብ ፍሬይ ሚያዝያ 17 ቀን ፈረሙበት። ከትልልቅ የአሜሪካ ከተሞች አምስቱንም የአዛን ሰዓት ዓመቱን ሙሉ የፈቀደች የመጀመሪያዋ ሚኒያፖሊስ ናት። በሕዝብ ውይይቱ ላይ መጥተው የደገፉት ደግሞ የክርስቲያንና የአይሁድ መሪዎች ናቸው።

መርካቶ ላደገ ሰው ይህ ምን ይገርማል ትሉ ይሆናል። ራጉኤልና አንዋር ጎረቤት ሆነው ቅዳሴና አዛን ሲቀባበሉ ሰምተን ነው ያደግነው። «ሃይማኖት የግል ነው፣ አገር የጋራ ነው» ማለትም አይሰለቸንም። ነገር ግን በሐምሌ 2010 ዓ.ም. መጨረሻ ጅግጅጋ ላይ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ ካህናት ተገደሉ። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ሞጣ ላይ መስጂዶች ተቃጠሉ። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ጎንደር ላይ ሙስሊሞች ቀብር ላይ ሳሉ ጥቃት ደረሰባቸው፤ ብዙ ሰው አለቀ። የነጃሺ ታሪክ ውርስ ሆኖ በደም አይተላለፍም። በየጊዜው እንደ አጥር የሚታደስ ነገር ነው።

ሚኒያፖሊስም አጥሯን ትጠግናለች እንጂ ገነት አይደለችም። ከንቲባው ከፈረሙ ሳምንት ሳይሞላ በሁለት ቀን ውስጥ ሁለት መስጂዶች ላይ እሳት ተለኮሰ። ከዚያ በፊትም በነሐሴ 2017 ብሉሚንግተን የሚገኘው ዳር አል ፋሩቅ መስጂድ በቦምብ ተመትቷል፤ ዋናው አድራጊ 53 ዓመት ተፈርዶበታል። እንግዲህ መስመሩን ተመልከቱ። አዛኑን የሚቃወም ሰው በምክር ቤቱ ፊት ቆሞ «አልፈልግም» ማለት ይችላል፤ ማንም አያስረውም። ክብሪት የጫረው ግን ይታሰራል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰነዘር ተቃውሞ አለ፤ ትክክልም ነው። «የአሜሪካን ነገር ለአሜሪካ ተወው። እኛ አገር በፌስቡክ የተጻፈ ቃል ሰው አሳርዷል» ይባላል። እውነት ነው። ለዚህም ነው በ2012 ዓ.ም. የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ መከላከያ አዋጅ ቁጥር 1185 የወጣው። አዋጁ የጥላቻ ንግግርን እስከ ሁለት ዓመት እስራት ያስቀጣል፤ በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከደረሰ ደግሞ እስከ አምስት ዓመት። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 27 የሃይማኖትን፣ በአንቀጽ 29 የመናገርን ነፃነት ጽፎ አስቀምጧል። ወረቀት አላነሰንም። ያነሰን ሕግ ለወዳጅም ለጠላትም እኩል ሲሠራ ማየት ነው። ባለሥልጣን የሚጠላው ሲናገር ጥላቻ፣ የሚወደው ሲናገር ሐሳብ የሚሆን ከሆነ፣ አዋጁ ልክ እንደ 1925ቱ የሚኒሶታ ሕግ የጉልበተኛ መሣሪያ ይሆናል።

ለእኛ ለውጭ ነዋሪዎች ግን ከሁሉ የሚከብደው ሌላ ነው። እኔ ሚኒያፖሊስ ቁጭ ብዬ የምጽፈው ቃል እኔን አያስከፍለኝም። ሥራዬ አለ፣ ቤቴ አለ፣ ሕጉም ይጠብቀኛል። የሚከፍለው ሻሸመኔ ያለው ልጅ ነው። የሚከፍለው ጎንደር ሱቅ ከፍቶ የሚውለው ሰው ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ከስልክ የወጣ ደግሞ ውቅያኖስ ይሻገራል። ስለዚህ ነፃነታችንን ስንጠቀም፣ «ይህን ቃል ጎረቤቴ የሌላ ሃይማኖት ሰው ሆኖ፣ እኔም እዚያው ሰፈር እየኖርኩ እጽፈው ነበር?» ብሎ መጠየቅ ደግ ነው። እኔ እንደ ሚዛን የያዝኩት ይህን ነው።

«እድር መንግሥት አይደለም፣ የመናገር ነፃነት ሕግ ግሩፕህን አይመለከትም» ያለኝ የሕግ ባለሙያ ወዳጅም አለኝ። ልክ ነው። ማንም እኔን ሊከሰኝ አይችልም። ግን እኮ መቻቻል በጠቅላይ ፍርድ ቤት አይለመድም። የሚለመደው በእድር፣ በቤተ ክርስቲያን ሰበካ፣ በመስጂድ ኮሚቴ፣ በተማሪዎች ማኅበር ነው። በትንሹ ያልቻልነውን በትልቁ ከመንግሥት የምንጠይቀው በምን አፋችን ነው?

ለጋሼ የደወልኩት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ይቅርታ ስጠይቃቸው ዝም አሉ። ከዚያ «ልጄ፣ ያስከፋኝ መባረሩ አይደለም። ያን ያህል ዓመት አብረን ኖረን፣ ምን ለማለት ነው ብለህ አለመደወልህ ነው» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

በቀጣዩ የእድሩ ስብሰባ ላይ ነገሩን ራሴ አነሳሁት። ረጅም ክርክር ነበር፤ «ፖለቲካ የሚባል ጭራሽ አይነሳ» ያሉም ነበሩ። ዝም አይነቅዝም የሚለው ተረት በእኛ ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። ዝምታው ግን ነቅዞ ያየነው እኛው ነን። በመጨረሻ ሦስት ነገር ተስማማን። አንደኛ፣ ማንም በሐሳቡ ምክንያት ከግሩፕ አይወጣም። ሁለተኛ፣ ብሔርን ወይም ሃይማኖትን የሚሰድብ መልእክት ይነሳል፤ የጻፈው ሰው ግን ተደውሎለት ምክንያቱ ይነገረዋል። ሦስተኛ፣ የዛተና ለጥቃት ያነሳሳ ይወጣል፤ ይህንንም የሚወስነው አንድ አድሚን ሳይሆን ሦስት ሰው ነው፤ ሦስቱም ከአንድ ሃይማኖት ሊሆኑ አይችሉም።

ቀላል ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ ግሩፑ ጸጥ ብሏል ብላችሁ እንዳታስቡ። እንዲያውም ባሰበት። በየሳምንቱ እንከራከራለን። ጋሼም ተመልሰዋል። በቤተ ክርስቲያኑ ጉዳይ ዛሬም ከእሳቸው ጋር አልስማማም፤ እሳቸውም ከእኔ ጋር አይስማሙም። ረዘም ያለ መልእክታቸውን ሳይ ዛሬም ጣቴ ያሳክከኛል። ያን ጊዜ ስልኩን አስቀምጬ እደውልላቸዋለሁ።

እናንተም በኪሳችሁ የያዛችሁት ግሩፕ ካለ፣ ያስወጣችሁት ሰው ካለ፣ ዛሬ ደውሉለት።

ቸር ይግጠመን።